ሰይፍ ባጠፋ ሰንጢ ተቀጣች

የሰይፍ ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። የሰንጢን ግን ማን ይጽፈዋል? ፍራፍሬ ስትልጥ፣ ገመድ ስትቆርጥ የምትውል ዕቃ ለታሪክ የምትበቃ አይመስለንም። እስቲ ዛሬ የአንዷን ነገር እናንሳ። አገሯ ጃፓን ነው፤ ስሟ ሂጎኖካሚ።

ስሙስ ከባድ ነው፤ «የሂጎ ገዥ» ማለት ነው። ሂጎ በኪዩሹ ደሴት የነበረ የድሮ ግዛት ሲሆን ዛሬ ኩማሞቶ ይባላል። የተወለደችው ግን እዚያ አይደለም፤ የአናጢ መሣሪያ በሚሠሩ ቀጥቃጮች በታወቀችው በሚኪ ከተማ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1890ዎቹ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1876 መንግሥት ሳሙራዮች ሰይፍ ታጥቀው እንዳይሄዱ ከልክሎ ስለነበር፣ የሰይፍ ሠሪው ገበያ ደርቆ ብዙው ፊቱን ወደ ቢላዋና ወደ ሌላ የሥራ መሣሪያ አዙሮ ነበር።

አሠራሯ ቀላል ነው። አንድ ስለት፣ ከታጠፈ ቆርቆሮ የተበጀ እጀታ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ምስማር፣ ከስለቱ ጀርባ ብቅ ያለች ምላስ፤ አለቀ። ሞላ የላትም፣ መቆለፊያም የላትም። ስትሠራባት ምላሷን በአውራ ጣትህ ተጭነህ መያዝ አለብህ፤ ከዘነጋህ ስለቱ ተመልሶ የራስህን ጣት ነው የሚያገኘው። ቁልፉ አንተው ነህ ማለት ነው።

ርካሽ ስለነበረች ያልያዛት አልነበረም። ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽባታል፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደግሞ ከቀርከሃ መጫወቻ ይሠራባታል። በምላጭ ስንቀርጽ ግማሽ እርሳሳችንን ሸራርፈን ለጨረስን ለእኛ ይሄ አይጠፋንም መቼም።

ታዲያ ጥቅምት 12 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ በቶክዮ ሂቢያ አዳራሽ ንግግር በማድረግ ላይ ሳሉ፣ ኦቶያ ያማጉቺ የተባለ የ17 ዓመት ቀኝ አክራሪ መድረኩ ላይ ዘሎ ወጥቶ ወግቶ ገደላቸው። አገሩ በቴሌቪዥን አየው። የወጋቸው በአጭር የሳሙራይ ሰይፍ ነው። በሰንጢ አይደለም!

የወጣቶች ጠብ ያሳሰባቸው ሰዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ። አሁን ግን «ልጅ ስለት አይያዝ» የሚለው ዘመቻ ተፋፋመ፤ ሰንጢዋም ከተማሪው ቦርሳ ወጣች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው። ያን ልጅ ለግድያ ያበቃው ጥላቻ ከየት እንደመጣ ከመመርመር ቦርሳ መፈተሽ ይቀላላ! እርግጥ፣ የእርሳስ መቅረጫ ማሽንም የራሱን ድርሻ አድርጓል፤ ሁሉን በዘመቻው ማላከክ አይገባም። ብቻ የሚኪ ሠሪዎች አንድ ባንድ ሥራቸውን ተዉ።

ዛሬ የተመዘገበውን ስም ይዞ የሚሠራው እዚያው ሚኪ ያለ የአንድ ቤተሰብ ወርክሾፕ ነው። ከውጭ አገር ሳይቀር ገዥ አላት። ሞላ ግን አሁንም አላስገቡላትም።