ልጆቻችን የት ይጫወቱ?



ወላጅ የሆናችሁት ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «መምህር፣ እዚህ መካነ ኢየሱስ ልጅ ስፖርት የሚሠራበት ቦታ የት ነው?» ትልቅ ከተማ ቢሆን «እዚያ አካዳሚ አስመዝግቡት» ብሎ መገላገል ይቻላል። እኛ ጋ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የታሪክ መምህር ነኝና በታሪክ በኩል ልምጣ።

አባቶቻችን ስፖርት ፍለጋ አልዞሩም፤ መስክ ነበራቸው። ገና ሲደርስ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብሎ ይቧደኑና ጫፉ በጎበጠ ዱላ ሩሯን ይለጓታል። የተጫዋቹ ቁጥር ወሰን የለውም፤ የሁለቱ ወገን ግብ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃል። የዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ዱላ ቢያርፍበትም ጌታው አይቆጣም።

ይሄ ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። ጳጉሜ 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው ያ ልጅ ነው። ገና ብቻውን አሸናፊ አደረገው አልልም፤ ክብር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሠልጥኗል። ግን ከአሠልጣኙ በፊት መስኩ ነበር።

እግር ኳሳችንም በትልቅ ስታዲየም አልጀመረም። ቅዱስ ጊዮርጊስን አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠርቱት የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ ክለቡን የተቀላቀሉት ገና በ14 ዓመታቸው ገደማ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኔ ለመምህሩ ይበልጥ ይቀርበኛል። አርሲ በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፤ ሁሉም በእጁ አልፈዋል። በቆጂ ያኔ ምን ነበራት? ደጋ አየር፣ ሜዳ፣ እና ልጆቹን በጠዋት የሚሰበስብ አንድ መምህር። በቃ።

እኛስ ምን ጎደለን? ደጋው አለ፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። በጨርቅ ኳስ የሚራኮቱ ልጆች ሞልተዋል። መምህርም አለ። እየጠፋብን ያለው መስኩ ነው። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚሸነሸነው «ባዶ ቦታ» የምንለው ነው። ልጅ የሚሮጥበት መሬት ግን ባዶ አይደለም። እሱ ሲጠፋ ልጁ ወይ መኪና መንገድ ላይ ይወጣል፣ ወይ ስልክ ላይ ያቀረቅራል። ሴቷ ልጅ ደግሞ ድሮም ሜዳው ሙሉ ለሙሉ የእሷ አልነበረም፤ ውኃ ቀድታ እስክትመለስ ጨዋታው ያልቃል። ከላይ የጠራኋቸውን የበቆጂ ልጆች ቁጠሯቸው እስኪ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልበል። አንደኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤት ሜዳ ለልጆች እንዲከፈት ወላጆች አብረን እንጠይቅ፤ ሁለት ሁለት እየሆንን ተራ ገብተን እንጠብቃቸው። ሁለተኛ፣ ለሴት ልጆች የራሳቸው ሰዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ለመጪው ገና አባቶችን ለምነን የገናን ጨዋታ ለልጆቹ ያሳዩልን፤ ዱላው ከጓሮ ይቆረጣል። አራተኛ፣ የመሬት ነገር በስብሰባ ሲነሣ ዝም አንበል፤ «ይሄ ለልጆች ይቆይ» የሚል አንድ ሰው አይጥፋ።

አሁን የቤት ሥራ፦ ልጅ ሆናችሁ የተጫወታችሁበት መስክ ስሙ ማን ነበር? ዛሬስ ምን ሆነ? ከታች ጻፉልኝ። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ ለሚመለከተው አካል ይዤ እሄዳለሁ። እስካሁን ያልተሸነሸነ ካለ፣ ከሱ እንጀምራለን።