ስለ ጎንደር ሰፈሮች አከፋፈልና ስለ ቤት ቦታ ክርክር

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ በየደብሩ የደስታና የመታሰቢያ በዓል ስም ሆኖ ይነገራል። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን በማስተዋል ላነበበው ሰው ዋናው ነገሩ የመሬት ሕግ ነው። በአምሳኛው ዓመት የተሸጠው እርሻ ወደ ባለርስቱ ይመለስ ዘንድ ታዟል። ያው ሕግ ስለ ከተማ ቤት ሲናገር ግን ፍርዱን ይለውጣል፤ ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ የተሸጠ ቤት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ካልተቤዠ ለገዢው ይጸናል፥ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ሌዋውያን ብቻ በከተሞቻቸው ያለውን ቤት በማናቸውም ጊዜ ይቤዡ ዘንድ ተፈቅዶላቸዋል። ከዚህ እንደምንረዳው የከተማ ቦታ ከገጠር እርሻ የተለየ ሕግና የተለየ ክርክር ያለበት መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚህ በበዓሉ መጽሐፍ ላይ ከተማችን ጎንደር ቦታዋን እንዴት እንደ ከፈለች፥ ማንስ በየት ይቀመጥ ዘንድ እንደ ተወሰነ ጥቂት መጻፍ ለካህናቱም ለምእመናኑም የሚገባ ሆኖ አገኘሁት።

ከዐፄ ፋሲለደስ በፊት የነበሩት ነገሥታት በአንድ ስፍራ ረግተው የማይቀመጡ፥ ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዘዋወሩ ነበሩ። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ቀኙና ግራው፥ ፊቱና ኋላው ለማን እንደሚሆን ሥርዓት ነበረው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ከተማቸውን በመሠረቱ ጊዜ ያ የሰፈር ሥርዓት በድንጋይ ቤትና በአጥር ተተካ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ፊት ሚካኤል፥ ፊት አቦ የሚባሉት የአብያተ ክርስቲያናት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። አቡን ቤት፥ እጨጌ ቤት፥ ግምጃ ቤትም እንዲሁ እያንዳንዳቸው በማን ወይም በምን ሥራ ምክንያት እንደ ተሰየሙ ከስማቸው ይታወቃል።

ስለ መኖሪያ ስፍራ የተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ምክር ግን በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ነው። ንጉሡ በነገሡ በማግሥቱ ዓመት፥ በአውሮጳ ቁጥር በ1668፥ መኳንንቱና ሊቃውንቱ በጎንደር ጉባኤ አድርገው መከሩ። የኢየሱሳውያን መነኮሳት ያመጡት ብጥብጥና ደም መፋሰስ ከተፈጸመ ገና አርባ ዓመት ስላልሞላ በሰው ልብ ውስጥ ፍርሃቱ አልበረደም ነበር። ከጉባኤው የወጣው ትእዛዝ በአገሩ የቀሩት ፈረንጆች ወይ የአገሩን ሃይማኖት ይቀበሉ፥ ወይ በስናር በኩል ይውጡ የሚል ነው። እስላሞችም ፈላሾችም (እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ) ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ተወሰነ።

ይህ ትእዛዝ በ1678 እንደገና ታወጀ። አንድ ዐዋጅ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚታወጅ ከሆነ መጀመሪያ የተነገረው እንደ ቃሉ አልተፈጸመም ማለት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ጎረቤትን ከጎረቤት፥ ባለ ሱቅን ከደንበኛው በአንድ ቀን መለየት ለዐዋጅ ነጋሪ ቀላል ነው፤ ለሚነሣው ሰው ግን ቤቱን አፍርሶ፥ እንጨቱን ተሸክሞ፥ ጉድጓዱንና የጓሮ አትክልቱን ጥሎ መሄድ ነው። የተነሡት ሰዎች በዚያ ጊዜ ምን እንዳሉ የጻፈ የለም፤ ዜና መዋዕሉ የንጉሡ እንጂ የእነርሱ አይደለምና።

የእስላሞቹ ሰፈር ከጉብታው በታች በቀሐ በኩል ሆነ፤ ከጊዜ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። እስላም የሆነ ሰው ርስት መያዝ ስላልተፈቀደለት እጁ ሁሉ ወደ ንግድ ዞረ፤ ከምጽዋና ከስናር የሚመጣው ዕቃ፥ ከደቡብ የሚመጣው ወርቅና ዝባድ በእርሱ እጅ ያልፍ ጀመር። ስለዚህ ለማራቅ የተለየው ሰፈር ከተማው ያለ እርሱ የማይኖርበት ሰፈር ሆነ። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ከተማው በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 የሚሆን ቤተ ሰብ እንዳለበት፥ የእስላሞቹም ሰፈር ወደ 3,000 ቤት እንደሚሆን ጽፏል። መንገደኛ በግምት የተናገረው ቁጥር ስለ ሆነ እንደ ቆጠራ አንቀበለውም፤ ቢሆንም ሰፈሩ የከተማ ጥግ ሳይሆን ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ እንደ ታየው ያስረዳል።

የቤተ እስራኤል ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። አንጥረኞች፥ ግንበኞችና አናጢዎች ከእነርሱ ወገን ነበሩ፤ በነገሥታቱ ሕንፃ ሥራ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ከመካከላቸውም ስለ ሥራቸው መሬትና ማዕርግ የተቀበሉ ነበሩ። ግንቡን ያነሣው እጅ ማታ በግንቡ ጥላ ሥር እንዳያድር የተለየ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ዛሬ ፋሲል ግቢን ሲያይ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ወደ ክርስቲያኑ ሰፈር ስንመለስ ቦታ የሚከፈለው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነበር። ንጉሥ ወይም ንግሥት ደብር ሲተክሉ ጉልት ይሰጣሉ፤ ካህናቱና ደብተሮቹም ለማኅሌቱና ለቅዳሴው አገልግሎት ሪም የሚባለውን መሬት በየድርሻቸው ይካፈላሉ። ዐፄ ኢያሱ ታላቁ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ እቴጌ ምንትዋብም ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያደረጉት እንዲህ ነው። ሪሙ ግን ካህን ላልሆነ ሰው ሳይተላለፍ አልቀረም፤ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ገዢውም አገልግሎቱን የሚፈጽም ሰው ማቆም ይገባዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመሬትና የቤት ሽያጭ በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ጀመር። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ሻጩ እገሌ፥ ገዢው እገሌ፥ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፥ ዋሱ እገሌ፥ እማኞቹ እነ እገሌ፥ በዚያን ጊዜ አለቃው እገሌ ነበር ይላል። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በአባታቸውና በእናታቸው ድርሻ በራሳቸው ስም ይዋዋላሉ። ወንጌሉ የቅዳሴ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ የከተማው የውል መዝገብም ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በታቦቱ ፊት በተቀመጠ መጽሐፍ የተጻፈውን ውል በኋላ መካድ ለሰውም ለነፍስም ያስፈራል። ሁለት ወንድማማች ስለ አንድ አጥር ቢጣሉ ሽማግሌው ሞቶ ቢገኝ እንኳ መጽሐፉ ይመሰክራል።

እጨጌ ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። የእጨጌው ሰፈር የመማጸኛ ስፍራ ስለ ነበረ በጦርነት ጊዜ ሰው ገንዘቡን ወደዚያ ያሸሻል፤ የፈራም ሰው በዚያ ይጠጋል። እንዲህ ያለው ሰፈር ቤት የሚፈለግበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከተማው በመሳፍንት ዘመን በተዳከመ ጊዜ እንኳ በዚያ ሰው ይበዛ እንደ ነበር መንገደኞች መስክረዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ ነገሩ ተናወጠ። ለሠራዊታቸው ቀለብ መሬት ያስፈልጋቸው ነበርና በ1848 ዓ.ም. ካህናቱን ሰብስበው ተከራከሯቸው፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፥ የቀረው መሬት ለግብር ይሁን የሚል አሳብ ነበራቸው። ካህናቱም፥ ታሪክ ጸሐፊው እንደ ተረከው፥ ንጉሡ እንደ ቀደሙት ነገሥታት በጎንደር፥ በአሪንጎና በይባባ አራት አራት ወር እየተቀመጡ ከየአገሩ ቢበሉ ይበቃል ብለው መለሱ። ንግግሩ ብልህነት አለበት፤ ነገር ግን ዘመኑን አልተመለከተም፤ ሠራዊቱ ከዚያ በኋላ በየተራ በመብላት የሚያድር አልነበረምና። በ1852 ዓ.ም. መሬቱ በትእዛዝ ተወሰደ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማው ተዘርፎ ተቃጠለ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጫኑ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ሎንዶን ሄዱ። ስለዚህ ጎንደሬ ቅድመ አያት ከጎረቤቷ ቤት የገዛችበትን ውል ማንበብ የሚወድ ሰው ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ያነብበዋል። የቀረውንም በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ አቃጠለው፤ ከጥቂቶች በቀር አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች።

ኢጣሊያ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ባደረጋት ጊዜ የዐፄ ዮሐንስ ዐዋጅ በሌላ መልክ ተመለሰ። የፕላኑን ሥራ የጀመረው የፊረንዜው መሐንዲስ ጌራርዶ ቦዚዮ ነው። መንገዱ ሰፊ፥ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የተዋበ ሆነ፤ ዛሬም ፒያሳ የምንለው ስፍራ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ነገር ግን በፕላኑ ላይ የኢጣልያኑ መኖሪያ ለብቻ፥ የአገሬው መኖሪያ ለብቻ ተሰምሯል። በቀድሞው ዐዋጅ መለያው ሃይማኖት ነበር፤ በዚህኛው ግን መለያው የሰው ቆዳ ሆነ። ባለአገሩ በአባቶቹ ከተማ በእንግድነት ተቆጠረ። ሥራው ሳይፈጸም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄነራል ናዚ እጁን ሰጠ፤ መለያየቱም ፈረሰ። መንገዱና ቤቱ ግን ቀረ፤ ለሌላ የተሰመረውን ጎዳና የከተማው ልጅ ይመላለስበት ጀመር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ሁሉንም ያናወጠ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ ሲወረስ የአብያተ ክርስቲያናት ጉልትና ሪም አብሮ አለቀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ፥ ለመኖሪያም ከ500 ካሬ ሜትር ያለፈ ቦታ እንዳይዝ ተከለከለ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ተከራይ የነበረው ድኻ ኪራዩ ስለ ተቀነሰለት ደስ አለው፤ ደስታውም የሚገባው ነው። በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን ታሳድግ የነበረች መበለት ግን በአንድ ዐዋጅ ከጭሰኛ ሰብሳቢ ባለጠጋ ጋር ተቆጠረች። ደብሮችም ለጧፍና ለዕጣን የሚሆነውን የኪራይ ገቢ አጡ፤ ካህኑ ከምእመናኑ በሚሰበሰበው ገንዘብ ብቻ መኖር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሊዝ ሥርዓት በ1986፥ በ1994ና በ2004 ዓ.ም. በዐዋጅ ተደነገገ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚያገኘው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። በ2004ቱ ዐዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ የአምልኮ ስፍራ ግን በጨረታ ሳይሆን በምደባ ይሰጣል። ስለዚህ አባት ለልጁ ሲያወርስ አንድ ሕግ፥ ለጎረቤቱ ሲሸጥ ሌላ ሕግ አለ። አንዱን ግቢ ለሁለት ወይም ለሦስት ልጅ መክፈልም የቤተ ሰብ ነገር ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የፕላኑን ስፋትና የመንገዱን መግቢያ ጠብቆ በከተማው አስተዳደር መፈቀድ ይገባዋል። ልጅ ሲያገባ ከጓሮ ቆርሶ ጎጆ ማቆም የለመደ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ መንገድ የተቆራረጠ ግቢ እሳት ሲነሣበት ውኃ የሚያስገባ መግቢያ እንደሌለው ያየ ሰው የፕላኑን ነገር በከንቱ አይነቅፍም። ክርክሩ በሁለቱም ወገን እውነት ስላለበት በቶሎ የሚያልቅ አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 818 የከተማ ይዞታ ሁሉ በካዳስተር እንዲመዘገብ አዝዟል። የሚመዘግበው ሹም ባለይዞታው ማን እንደ ሆነ፥ ወሰኑ እስከ የት እንደሚደርስ፥ ጎረቤቶቹም በወሰኑ ይስማሙ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ክርክር ያለበትም ሰው በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ ይደረጋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ ደረሰኝ፥ የውርስ ወረቀት፥ የሽማግሌዎች ስምምነት ያን ጊዜ ዋጋ አለው። በአራዳ የሚኖሩ አረጋውያን ወሰንን የሚያውቁት በግንብ ወይም በዛፍ ነው፤ ግንቡ ከፈረሰና ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግን እነርሱ ራሳቸው ናቸው ምስክሩ። አዲስ ዓለም፥ እጨጌ ቤት፥ አቡን ቤት በየስማቸው እንደ ተጠሩ አሉ፤ እጨጌ ቤት ዛሬ የሚማጸንበት የለም፥ ስሙን ለሚጠይቅ ልጅ ግን ሽማግሌዎቹ አሁንም ይነግሩታል።