ኮሶና የመራራ ጣዕም ታሪክ

በሠፈራችን በሀይሌ ጋርመንት ሰው ሲያዝን «ነገሩ እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ይሁን እንጂ ከእኛ ከተማሪዎቹ ኮሶ የቀመሰ ጥቂት ነው።

አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዱ ስለ ነበር የኮሶ ትል ያስቸግራቸው ነበር። ስለዚህ የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ ይፈጭና በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ነበርና በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጻፈ። በ19ኛው መቶ ዓመትም መድኃኒቱ በአውሮጳ ይሸጥ ጀመር።

ነገር ግን ምላስ መራራን በምን እንደሚለይ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት የመራራ ተቀባይ የሚባሉትን ፕሮቲኖች አገኙ፤ በሰው ዘንድ 25 ያህል ናቸው። ተቀባዮቹ የሚገኙበትን ሥፍራ ለማየት ፀረ እንግዳ አካል ይጠቅማል፤ ይኸውም የሚፈለገውን ፕሮቲን መርጦ ይይዛል፤ የሚያበራ ቀለም ሲታከልበትም በማይክሮስኮፕ ይታያል። በዚህም ዘዴ በ2009 ተቀባዮቹ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥም እንዳሉ ታየ። ፀረ እንግዳው አካል ሌላ ፕሮቲን ከያዘ ግን ተመራማሪውን ያሳስታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መፈተን አለበት።

ኮሶም እንዲሁ ነው። በልኩ ሲጠጣ ትሉን ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም። ምሬት የተፈጥሮ ማስጠንቀቂያ ነውና፥ እኛ ተማሪዎች የአባቶቻችንን መድኃኒት ሳንንቅ ልኩን በትምህርት እንመርምር።