ፒሳ ስትሄዱ ሳን ሮሶሬን አትለፉ

ፒሳን የረገጠ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶ አለው፤ እጁን ዘርግቶ ያዘመመውን ማማ "ደግፎ"። እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ለማለቅ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ሕንፃ ነውና ቢታይ አይነቀፍም። ግን ብዙው ጎብኚ ፎቶውን ተነስቶ በመጣበት ባቡር ይመለሳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማማው የሚበልጥ ቦታ አለ። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ባሕሩ ድረስ የተዘረጋው የሳን ሮሶሬ ጫካ። ዛሬ ሰው በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸርበት ፓርክ ነው። ድሮ የጣሊያን ነገሥታት ማረፊያ ነበር።

በ1936 "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" የሚል ማዕረግ የወሰደው ቪቶሪዮ ኢማኑኤል 3ኛ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1938 እዚሁ ሳን ሮሶሬ ሆኖ አንድ አዋጅ ፈረመ። አዋጁ አይሁድ መምህራንን ከሥራ የሚያስወጣ፣ አይሁድ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይመዘገቡ የሚከለክል ነበር።

ይህ አዋጅ ከሰማይ ዱብ አላለም። ከዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 1937፣ በዚሁ ንጉሥ ስም ሌላ ሕግ ወጥቷል። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ ወይም ከሶማሊያ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር የሚደነግግ ነው። ሰውን በዘሩ መለየት መጀመሪያ የተሞከረው እኛ ላይ ነው፤ ኋላ ወደ ቤታቸው ገባ።

በ2018 የፒሳ ዩኒቨርሲቲ ለ1938ቱ በደል በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ደግ አደረገ። ነገር ግን የ1938ቱ በተነሳ ቁጥር የ1937ቱም አብሮ መነሳት አለበት። እኛ ካላነሳነው ማን ያነሳዋል?

ፒሳ የምትሄዱ፣ ግማሽ ቀን ለሳን ሮሶሬ ስጡ።