ተርጓሚው ሐሳቡን ሲለውጥ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጊንጪ የ50 ሳንቲም ክርክር ገጠመኝ። የእህቴ ልጅ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የትርፍ ክፍፍል ማስሊያ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ማኅበሩ አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ ፕሮግራሙ ወደዚያ ከተዛወረ በኋላ አንዲት እናት ደብተራቸውን ይዘው መጡ፦ «የጎረቤቴ 413 ብር ከ50 ሳንቲም 414 ተደረገላት፤ የእኔ 412 ከ50 ለምን 412 ሆነ? አምና እኮ ሁሉም ወደ ላይ ነበር!»

ገንዘቡን የበላ ሰው የለም። የተለወጠው ተርጓሚው ነው።

ኢንተርፕሪተር ማለት በፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ትእዛዝ እየተረጎመ የሚያስፈጽም ሶፍትዌር ነው። ፓይተን 2 የተባለው ቋንቋ ከዜሮ በላይ በሆኑ ቁጥሮች ላይ ግማሽን ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ቁጥር ያጠጋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን ለሁለት እኩል ወደሚካፈለው ቁጥር ያጠጋጋል። ስለዚህ 412 ከ50 ወደ 412 ሲወርድ፣ 413 ከ50 ወደ 414 ይወጣል። ምክንያት አለው፤ ግማሹ ሁሉ ወደ ላይ ከሄደ ድምሩ ያለ አግባብ ያብጣል። ማሻሻያው ትክክል ነው። ሴትዮዋም ትክክል ናቸው።

በሌላው ጫፍ ጃቫ ስክሪፕት አለ። ባዶነትን የሚያመለክተው «ነል» ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» ብሎ ይመልሳል። ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም ቢታረም በእሱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ እንዳለ ተትቷል።

እኛ የሕግ ሰዎች ይህን ሙግት እናውቀዋለን። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ደነገገ። ወዲያው ደግሞ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል አከለ። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ቢተካም፣ የሰበር ትርጉም አስገዳጅነት ቀጥሏል። ወጥነትም መሻሻልም ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥያቄው ለውጡ እንዴት ይምጣ የሚለው ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከእህቴ ልጅ ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ መጀመሪያ አልሠራም ብሎ ቆሞ ነበር፤ የ«ፕሪንት» ትእዛዝ አጻጻፍ ተለውጧልና። ያንን በአንድ ቀን አረመው። ማጠጋጋቱ ግን ድምፅ ሳያሰማ ስለተለወጠ፣ እስከ ክፍፍሉ ቀን ማንም አላወቀም። ጮኾ የሚመጣ ለውጥ ሥራ ያስፈታል፤ በዝምታ የሚመጣው ግን መብት ይነካል።

እኔ እንደሚመስለኝ ተርጓሚ፣ ዳኛም ይሁን ሶፍትዌር፣ አቋሙን ሲለውጥ መለወጡን በግልጽ ይናገር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይወስን፣ በቀድሞው ተማምኖ የሠራውንም አያስደንግጥ። ተጠቃሚውም ጉዳዩን ለተርጓሚው ፈቃድ አይተውለት። ማኅበሩ የማጠጋጋት ደንቡን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ አስጻፈ። የጎደለውንም አንድ ብር ለሴትዮዋ ከፈለ።