ከሜርኩሪ እስከ ሮይስ፦ ሶፍትዌርን በጥቂት በጥቂቱ የመሥራት ታሪክ

ሶፍትዌርን በጥቂት በጥቂቱ እየሠሩ በየደረጃው መፈተሽ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግኝት እንደሆነ አድርገው የሚጽፉ ጥቂቶች አይደሉም። ምንጮቹን ጎን ለጎን ይዘን ስንመረምር ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆኖ አናገኘውም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሜርኩሪ የጠፈር ፕሮጀክት የነበሩ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በግማሽ ቀን እየቆራረጡ ይሠሩ እንደነበር ራሱ በፕሮጀክቱ የሠራው ጄራልድ ዋይንበርግ አስታውሷል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመጻፉ በፊት መፈተኛው ይዘጋጃል፤ ለውጡም በባልደረቦች ይመረመራል። ቃሉ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የተሰጠ ትዝታ በመሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። ይሁንና አይ.ቢ.ኤም. ከ1977 እስከ 1980 የስፔስ ሸትልን ዋና የበረራ ሶፍትዌር በ31 ወራት ውስጥ በ17 ዙር መሥራቱን ስናይ፣ አሠራሩ ለጠፈር መሐንዲሶች እንግዳ እንዳልነበረ ለመቀበል አንቸገርም።

ትልቁ ቅራኔ በ1970 በወጣው የአሜሪካዊው የሶፍትዌር መሐንዲስ የዊንስተን ሮይስ ጽሑፍ ላይ ይነሣል። ሁሉንም አጥንቶ፣ ሁሉንም ነድፎ፣ ሁሉንም ጽፎ፣ በመጨረሻ የመፈተሹ ሥርዓት ከዚህ ጽሑፍ እንደተወለደ ሲነገር ኖሯል። ሮይስ ግን ቅደም ተከተሉን በሥዕል ካሳየ በኋላ፣ እንዲሁ ቢተገበር ለውድቀት እንደሚያጋልጥ ወዲያው ያስጠነቅቃል። ፕሮግራሙ የሚፈጀው ጊዜና የሚይዘው ማኅደረ ትውስታ በተግባር የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጉድለት ከተገኘ ንድፉ ራሱ ይፈርሳል፣ ወጪውም እስከ 100 በመቶ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ ለ30 ወር ሥራ አስቀድሞ የ10 ወር ሙከራ እንዲሠራ መከረ። ለፍትሕ ሲባል ይህም ይነገር፦ ያው ሮይስ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ ሶፍትዌር 1,500 ገጽ ዝርዝር ሰነድ ተገቢ ነው ብሏል፤ በጥቂት በጥቂቱ መሥራትንም ሆነ ሁሉን አስቀድሞ መንደፍን የሚደግፍ የትኛውም ወገን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው ሊለው አይችልም።

ታዲያ ማስጠንቀቂያው ተረስቶ ሥዕሉ ለምን ጸንቶ ቆየ? በእኛ ግምት ምክንያቱ ከምሕንድስናው ይልቅ የውል ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩን የሚገዛው መንግሥት ፈርሞ የሚረከበው ሰነድ ይፈልጋል፤ በሰነድ ውስጥ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ ከነፊርማው ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሻገራል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1985 ያወጣው 2167 የተባለው መመሪያ በተግባር ይህን ሁሉን በቅደም ተከተል የመጨረስ ሥርዓት አጸናው፤ ዋና አዘጋጁም ኋላ ላይ እንደተጸጸተ ተመዝግቧል። መመሪያው በ1994 ተሽሮ፣ ሥራን በየዙሩ ማስረከብን በግልጽ በሚፈቅድ ሌላ መመሪያ ተተካ።