ቆሰበርን ሁለት ቦታ ያስቀመጡ ቁጥሮች

እንጅባራን ብዙ ሰው ዛሬም ቆሰበር ይላታል። ስሟ ሁለት ቢሆንም ስፍራዋ አንድ ነው። በካርታ ላይ ግን ስፍራዋም ሁለት ሆኖ ያውቃል። በቆየው የ1፡50,000 ካርታ ላይ የሚታይን አንድ መገንጠያ ዛሬ ጂፒኤስ ይዘን ቆመንበት ብናነብ፣ የጂፒኤሱ ቁጥር ወደ ምሥራቅ በ90፣ ወደ ሰሜን በ205 ሜትር ያህል ይበልጣል። የለካው ሰው አልተሳሳተም፤ የሁለቱ ልኬት መነሻ ይለያያል።

በዚህ አካባቢ ቦታን በቁጥር መግለጽ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ኬክሮስ ከሰማይ አካላት ለክቷል። በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት አንቷን ዳባዲ ከተራራ ተራራ እያነጣጠረ አሥር ዓመት ያህል አገሩን ሲለካ ኖረ። አገሩን በሙሉ የሚያስር አንድ መነሻ ግን ገና አልነበረም።

እሱ የመጣው በዓባይ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኢትዮጵያና አሜሪካ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ማጥናት ሲጀምሩ፣ የመሬት ልኬቱ ከሱዳን መረብ ጋር ተያያዘ። የዚያ መረብ መነሻ ሱዳን ከግብፅ በምትዋሰንበት በኑቢያ ይገኝ የነበረው አዲንዳን ነው፤ የምድር ቅርፅ የተሰላውም ክላርክ 1880 በተባለው ሞዴል ነው። ዓባይ ከጎጃም ወደ ኑቢያ ይወርዳል፤ የጎጃም ልኬት ግን ከኑቢያ ሽቅብ ወጣ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ይዞ መጣ፤ ደብሊውጂኤስ 84 የሚለካው ከምድር ማእከል ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 አሜሪካ የሲቪሉን ምልክት ሆን ብላ ታዛባው ስለነበር ንባቡ እስከ 100 ሜትር ይዋዥቅ ነበር። ያ ሲነሣ የአዲንዳን ልዩነት ፍንትው ብሎ ታየ።

ማስታረቂያው ለኢትዮጵያ የታወቁ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ −165፣ −11 እና 206 ሜትር። ቬክተር ካርታ የነጥቦች ዝርዝር ነው፤ የአንድ ማሳ ወሰን ሃያ ማዕዘን ካለው ሃያው ሁሉ ተራ በተራ መሻገር አለበት። ነጥቡ ከሜትር ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከዚያ ወደ ምድር ማእከል ይመለሳል፤ ሦስቱ ቁጥሮች ይጨመሩበትና በአዲሱ ቅርፅ ላይ እንደገና ወደ ሜትር ይወጣል። በጂአይኤስ ሶፍትዌር ግን ሁለት ትእዛዞች ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ለሌየሩ የመነሻ ስም ይሰጣል፣ ሌላው ነጥቦቹን ያሻግራል። የአዲንዳንን ሌየር ደብሊውጂኤስ 84 ብሎ መሰየም አንዲት ነጥብ አያነቃንቅም፤ ሲታይ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላል።

በዘንገና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳር ቆመው ያነበቡት የጂፒኤስ ነጥብ ሳይሻገር በአሮጌው ካርታ ላይ ቢቀመጥ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሐይቁስ ስሕተቱን ያጋልጣል። ማሳ ላይ ሲሆን ያስፈራኛል፤ የአንዱ ገበሬ ወሰን በሌላው ጤፍ ላይ ሲያርፍ ከስክሪኑ ላይ የሚጮህ ነገር የለም። የአማራ ክልል ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በአየር ፎቶ ላይ ወሰንን አስምሯል፤ ከአሮጌው ካርታ የተቀዳ ወንዝ ወይም መንገድ በዚያ ላይ ሲደረብ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት መነሻው ነው።

አዲንዳንን ያሻገረ ሰው ደግሞ ሌላ ድንበር ይጠብቀዋል። ቆሰበር ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ክፍፍል በዞን 37 ናት። በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወርድ መንገደኛ 36ኛውን ኬንትሮስ ሲያልፍ ዞን 36 ይገባል። መንገዱ ላይ ምልክት የለም፤ የምሥራቁ ቁጥር ግን ከ172,000 አካባቢ ወደ 828,000 ይዘላል።